የባሕር ዳርቻዋ አበባ ለገጣፎ ላይ ለምን ትበሰብሳለች?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ነው። ወንድሜ ለሥራ ሞምባሳ ሄዶ ሲመለስ የአንድ አበባ ዘር ይዞልኝ መጣ። ባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ ማንም ሳይተክላት በራሷ ትበቅላለች አለኝ። አበባዋ ሮዝ ነው፤ አምስት ቅጠል አለው፤ መሃሉ ቀላ ይላል። አጥር ጥግ ዘራሁትና ጥሩ በቀለልኝ። ሐምሌ ሲገባ ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ግንዱ ከሥር ጠቆረ፣ ተራ በተራ ወደቁ። አሁን የቀሩኝ ሦስት ናቸው። አንዷ ጎረቤቴ ‹የለመደችው ጨው ነው፣ ጨው ውሃ አጠጪያት› ትለኛለች። ሌላዋ ደግሞ ‹ቅጠሏ ለስኳር ፍቱን ነው፣ አፍልተሽ ለእናትሽ ስጫቸው› አለችኝ። እናቴ ስኳር አለባት። ምን ይሻለኛል? ግቢያችን ውስጥ በግም አለ።»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ እናትዎ በጠየቁት ልጀምር፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ቅጠሉን አፍልተው እንዳይሰጧቸው። የተፈላ ካለም ይድፉት። ምክንያቱን ወደ ታች በሰፊው አጫውትዎታለሁ። የጨዉም መልስ አጭር ነው፦ ይቅርብዎት።

አሁን ተክሏ እኔ ያሰብኳት መሆኗን እናረጋግጥ። ከቀሩት ሦስቱ አንዷን ጠጋ ብለው ይዩልኝ። ቅጠሎቿ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት የወጡ ናቸው? ገጻቸው ያብለጨልጫል? መሃላቸው ላይ ነጣ ያለ መስመር አለ? አበባዋን ገልበጥ ያድርጓት። ከሥሯ ቀጭን፣ ረዘም ያለ ቱቦ ያያሉ። ከፊት በኩል ደግሞ ቀዩ ዓይን መሃል ላይ መርፌ የምታስገባ የምታህል ቀዳዳ ብቻ አለች። በዚያች ቀዳዳ ምላሱን አስገብቶ ማሩን የሚጠጣው ቢራቢሮ ወይም የእሳት ራት ነው። ፍሬዋ ሁለት ሁለት ሆነው የቆሙ ቀጫጭን የዘር ከረጢቶች ናቸው። ውስጣቸው ጥቃቅን ጥቁር ዘር አለ።

ይሄ ሁሉ ከገጠመ ተክሏ ካታራንተስ ሮዚየስ ናት። ችግኝ ቤት ቪንካ ብለው ቢጠይቁ ይሻላል፤ ሻጮቹ የሚያውቋት በዚያ ስም ነው። ቤተሰቧ ከእኛው አጋም ጋር አንድ ነው። ለቀስት መርዝ የሚያገለግለው ምረንዝም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ነው ያለው። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ሻዩ ስናወራ እንመለስበታለን።

ወንድምዎ ያዩት ልክ ነው። ግን ሞምባሳም ለእሷ ስደት ነው። የትውልድ አገሯ ማዳጋስካር ነው። በዚህ ወገን ካሉት ስምንት ዝርያዎች ሰባቱ የዚያች ደሴት ናቸው፤ አንዷ ብቻ የሕንድና የስሪ ላንካ ናት። ሰው ለውበቷ ብሎ ይዟት ዞረ። እሷ ደግሞ ከየግቢው እያመለጠች ሞቃት የባሕር ዳርቻዎች ላይ በራሷ መኖር ጀመረች። ከኬንያ እስከ ፍሎሪዳ አሸዋ ላይ ያገኟታል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አሸዋ ላይ ስለምትኖር አሸዋ የምትወድ፣ ጨው ስላለበት ጨው የሚያስፈልጋት ይመስለናል። አሸዋ ምግብ የለውም። እሷን የሚመቻት አሸዋው ውሃ ይዞ አለማደሩ ነው። ዶፍ ቢወርድ ውሃው ወዲያው ሰርጎ ይሄዳል፤ በቦታው አየር ይገባል። ሥሯ ይጠጣል፣ ደግሞም ይተነፍሳል። ፀሐይ ሲወጣ አሸዋው ቶሎ ይሞቃል።

ለገጣፎ ላይ ምን ሆነ? ዝናቡ በዛባት እንዳይሉ፣ ሞምባሳም በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ግድም ታገኛለች። የእኛ ከዚያ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ልዩነቱ ሌላ ነው። የእኛ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠቅልሎ ይወርዳል። የሚወርደው ዋልካ ላይ ነው። ዋልካ ደግሞ አንዴ ከጠገበ ለሳምንታት አይለቅም። ከዚያ ላይ ብርዱ አለ። ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያሉት። ሐምሌ ላይ ፀሐይ የለም፣ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ሞምባሳ ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። ቪንካ በብርድ ጊዜ ሥሯ ሥራ ያቆማል ማለት ይቻላል። ውሃ አትጠጣም። ያልተጠጣው ውሃ ደግሞ ሥሯ ላይ ተኝቷል።

ሥር በተኛ ውሃ ሲዳከም ከሚመጡት በሽታዎች አንዱ ፋይቶፍቶራ ይባላል። ክረምት ላይ የድንች ቅጠል አጥቁሮ ማሳውን የሚያወድመው በሽታ የቅርብ ዘመድ ነው። ከወደቁት አንዷን ይንቀሉና ሥሯን በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ያድርጉ። የውጭው ልጣጭ ሾልኮ እጅዎ ላይ ከቀረ፣ መሃሉ ላይ ክር የመሰለች ነገር ብቻ ከተረፈች፣ ሥሩ በስብሷል። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ነው፤ ቢጎትቱትም አይላጥም። ግንዱ ከአፈሩ አጠገብ መጥቆሩና መቅጠኑም የዚሁ ምልክት ነው። የጠቆረ ግንድ አይመለስም። በመድኃኒት እረጫለሁ ብለው ገንዘብዎን አያባክኑ።

ቢጫነቱ ግን ሁልጊዜ ሞት አይደለም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ደም ሥሮቹ አረንጓዴ ከቀሩ ሥሩ ከብርዱ የተነሣ ብረት መሳብ አቅቶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለችው ሙቀት ስታገኝ ትድናለች። ከሦስቱ ውስጥ እንዲህ የሆነች ካለች ተስፋ አይቁረጡ።

ወደ ጨው ልመለስ፤ ጎረቤትዎ ቅን ሰው ይመስሉኛል፣ ነገሩን ግን ገልብጠውታል። ቪንካ ጨው ባለበት መኖር ትችላለች፤ ያለ ጨው ግን የበለጠ ይመቻታል። ዋልካ ላይ ጨው ሲፈስ ጉዳቱ ድርብ ነው። ሶዲየሙ የጭቃውን እንክብሎች ይበታትናል። የተበተነው ደቃቅ ጭቃ ውሃና አየር የሚያልፍበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ከዚያ በኋላ አጥር ጥጉ ላይ ጎመንም አይበቅልልዎት።

«እሺ፣ አሸዋ አስጭኜ ልቀላቅልበት» እንደሚሉ አውቃለሁ። ብዙ ሰው ይህንኑ ያደርጋል። ዋልካ ላይ ጥቂት አሸዋ ሲቀላቀል የሚሆነው ጡብ ነው። ለውጥ እንዲያመጣ ከተፈለገ ከአፈሩ የሚበልጥ አሸዋ ይጠይቃል፤ በዛሬ የአሸዋ ዋጋ ደግሞ ማን ይችለዋል! ዋልካው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ አሸዋ መሙላትም አይረዳም። የዙሪያው ውሃ ሁሉ ወደዚያ ጉድጓድ ይሰበሰባል።

ስለዚህ ሦስቱን ከመሬት ያውጧቸው። ዛሬ ነገ ሳይሉ። ባዶ የቀለም ባልዲ ይበቃል፤ ጥሩ አድርገው ይጠቡትና ሥሩን በጋለ ምስማር ብዙ ቦታ ይብሱት። ጎኑንም ከታች በኩል ትንሽ ይብሱት። ለመሙያ ሁለት እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። ሬድ አሽ ያልኩዎት ቤት ሲሠራ ወለል ሥር የሚደፋው ቀይና ቀዳዳ የበዛበት ነገር ነው። ሠፈርዎ ግንባታ አይጠፋምና ከአንዱ ጎረቤት ሩብ ጆንያ ይለምኑ። ትልልቁን ለቅመው ይጣሉ፣ ዱቄቱን በወንፊት ያራግፉ፣ መካከለኛውን ይጠቀሙ። ትኩስ ፍግ አይጨምሩ፤ ሥሩን ያቃጥላል። ከባልዲው ሥር ጠጠር መደርደር የተለመደ ምክር ነው፤ እኔ አልወደውም። ውሃ ከደቃቁ አፈር ወደ ጠጠሩ በቀላሉ አይወርድም፣ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለሥሩ የቀረውን ቦታ ማጥበብ ነው።

ሲነቅሏቸው የድሮውን ጭቃ በቀስታ ያራግፉ። የበሰበሰ ሥር ካለ በንጹሕ መቀስ ይቁረጡት። ለማንኛውም ደግሞ ከየአንዳንዷ ጤነኛ ጫፍ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ይቁረጡ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች ያንሱ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ይትከሉ፣ ነጭ ፌስታል ያልብሱት። ቤት ውስጥ ብርሃንና ሙቀት ያለበት ቦታ ይቀመጥ። እናቲቱ ብትሞት እንኳ ቁራጯ ሥር ልታወጣ ትችላለች።

ባልዲዎቹን በረንዳ ላይ፣ ከግድግዳ ጋር አስጠግተው ያስቀምጡ። ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይሰጣል። ከቆርቆሮው ጠብታ ግን ያርቋቸው። ጠብታው መሬት መትቶ ሲፈናጠር በሽታውን ከጭቃው ወደ ቅጠሉ ያደርሰዋል። ውሃ ጠዋት ጠዋት፣ አፈሩ ላይ ብቻ፣ ቅጠሉን ሳይነኩ። ከማጠጣትዎ በፊት ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ይክተቱ። እርጥብ ከሆነ ይተዉት። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሏ ወደ ላይ እጥፍ ካለና ማታ ከተዘረጋ ትንሽ ጠምቷታል ማለት ነው፤ አያስደንግጥዎት። ይህች ተክል በጥም ከምትሞት በውሃ መሞት ይቀላታል።

አሁን ስለ ሻዩ።

ጎረቤትዎ ያሉት ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም። ቪንካ በደረሰችበት ሁሉ ሰው ለስኳር እያፈላ ጠጥቷታል። ጃማይካ ውስጥም እንደዚያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ከዚያ የተላኩ ቅጠሎች ካናዳ ደረሱ። ዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሮበርት ኖብል እውነት ስኳር ታወርዳለች ወይ ብለው በእንስሳት ላይ ፈተኑት። በአፍ ሲሰጥ የደም ስኳሩ ንቅንቅ አላለም። ጭማቂውን በመርፌ ሲሰጡ ግን ያልጠበቁት ነገር መጣ። አይጦቹ በኢንፌክሽን ይሞቱ ጀመር። ደማቸው ሲታይ ነጭ የደም ሴላቸው ተመናምኗል፤ ሴሎቹ የሚሠሩበት መቅኔም ተጎድቷል።

ሌላ ሰው ቢሆን መርዝ ነው ብሎ ይደፋው ነበር። ኖብል ግን ነጭ የደም ሴልን እንዲህ የሚያወርድ ነገር ነጭ የደም ሴል ያለልክ ለሚበዛበት የደም ካንሰር ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሰቡ። ቻርልስ ቢር ከተባሉ ኬሚስት ጋር ሆነው ንጥረ ነገሩን ነጥለው አወጡና በ1958 ይፋ አደረጉት። ዛሬ ቪንብላስቲን የምንለው ነው። በዚያው ሰሞን ኤሊ ሊሊ የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያም በራሱ መንገድ ያቺኑ ተክል እየመረመረ ነበር። ከዚያ ሥራ ቪንክሪስቲን ወጣ፤ በ1963 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሁለቱም ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ አሉ። የደም ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ቪንክሪስቲን ይወስዳሉ። ማዳጋስካር ከዚህ ሁሉ ምን አገኘች ቢሉ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አላገኘችም። እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ቁጭት ነው።

መድኃኒቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሴል ለሁለት ሲከፈል ዘረ መሉን ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚጎትቱ ቀጫጭን ክሮች ይዘረጋል። ቪንክሪስቲንና ቪንብላስቲን እነዚያ ክሮች እንዳይሠሩ ያግዳሉ። ሴሉ ሳይከፈል ይሞታል። ካንሰር በፍጥነት ስለሚከፈል በብዛት ይመታል። ግን መቅኔም በፍጥነት ይከፈላል። ስለዚህ ሐኪም ሲሰጠው በሚሊ ግራም ለክቶ፣ በደም ሥር ብቻ፣ ደም እያስመረመረ ነው።

ጎረቤትዎ «ታዲያ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ስንት ሆነና?» ሊሉ ይችላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ግራም ቪንብላስቲን ለማውጣት ግማሽ ቶን ያህል የደረቀ ቅጠል ይፈጃል ይባላል። እኔም አንድ ስኒ የጠጣ ሰው ይሞታል አልልዎትም። የምረንዝ ቤተሰብ ናት ያልኩዎትን ግን ያስታውሱ፤ ችግሩ ቅጠሉ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ብቻ አለመሆናቸው ነው። የዚህ ዓይነት ንጥረ ነገሮች ከ100 በላይ አሉ። የደም ግፊት የሚያወርድ አለ። በእንስሳት ላይ ስኳር ዝቅ ሲያደርግ የታየም አለ። የትኛው ምን ያህል እንዳለ በቅጠሉ ዕድሜ፣ በወቅቱ፣ በአፈሩ ይለያያል። የዛሬው ስኒና የነገው ስኒ አንድ አይደሉም። እናትዎ ደግሞ የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ሻዩ በድንገት ስኳራቸውን አብሮ ቢያወርደው ሌሊት ላይ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን ነጭ የደም ሴሉ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ እግር ላይ ያለች ጭረት እንኳ ጣጣ ታመጣለች። እንዲህ ያለን ሰው መከላከያውን ሊያዳክም የሚችል ነገር በየቀኑ ማጠጣት አይሆንም። ለነፍሰ ጡርም በፍጹም አይሰጥም። ምናልባት ከዚህ በፊት ቀምሰው ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ለሐኪማቸው ሳይደብቁ ይንገሩ።

በጉስ? ቅጠሏ መራራ ስለሆነ ከብት ብዙ ጊዜ ራሱ ይሸሻታል። የታሰረና የራበው በግ ግን ያገኘውን ይግጣል። ባልዲውን ከፍ ያድርጉት። የቆረጡትን ጫፍና የሞቱትን ለበጉ አይጣሉለት፣ ኮምፖስት ውስጥም አይክተቱት። ደረቅ ቀን ሲገኝ ያቃጥሉት።

ቀጣዩ ፈተና ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ፀሐዩ ቀን ቀን ደስ ይላል፣ ሌሊቱ ግን ጨካኝ ነው። እንደ ሱሉልታና ሰንዳፋ ሜዳ ያሉ ገላጣ ቦታዎች ላይ ውርጭ ይጥላል። ቪንካ ከ5 ዲግሪ በታች አትችልም። በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ባልዲውን ወደ ቤት ማስገባት ግድ ነው። ስለዚህ ለገጣፎ ላይ እንደ ባሕር ዳርቻው ዓመቱን ሙሉ እንድታብብልዎት አይጠብቁ። ከየካቲት እስከ ግንቦት ካማረች ጥሩ ነው።

ዘር ከፈለጉ የዘር ከረጢቱ ቢጫ ሲል፣ ሳይፈነዳ ይልቀሙት። የካቲት ላይ ቤት ውስጥ ይዝሩ። ዘሩ የሚበቅለው ጨለማ ውስጥ ነው፤ በስሱ አፈር አልብሰው በጋዜጣ ይሸፍኑት። ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ይወዳል፤ ማብሰያ ቤት ያለ መደርደሪያ ጥሩ ነው። ቡቃያው ብቅ ሲል ጋዜጣውን አንስተው ወደ ብርሃን ያውጡት። ወንድምዎን ግን ሌላ ዘር እንዲያመጡ አይላኩ። ከውጭ ዘር ማስገባት የኳራንቲን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቪንካ ደግሞ አዳማና ድሬዳዋ አለችልዎ።

አጥር ጥጉን ባዶ አያስቀሩት። የባሕር ዳርቻ አበባ ካልሆነ ካሉ ጋዛንያ የምትባለውን አበባ ይሞክሩ። እሷም ከደቡባዊ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ አሸዋ የመጣች ናት። ቢጫና ብርቱካናማ አበባዋ ፀሐይ ሲወጣ ይከፈታል፣ ሲደመን ይዘጋል። ከቪንካ የምትለየው ቀላል ውርጭ በመቻሏ ነው። የተኛ ውሃ ግን እሷንም ይገድላታል። ስለዚህ አፈሩን እስከ ጉልበት ድረስ ከፍ አድርገው፣ ተዳፋት አስይዘው፣ ክረምቱ ሲያባራ ይትከሏት። ሦስቱ ቪንካዎች ባልዲ ውስጥ ከተረፉ ደግሞ መስከረም መጨረሻ ላይ ጫፍ ጫፋቸውን ይቁረጡላቸው፤ ከየጎኑ ያቆጠቁጣሉ።